በየትኛው ስም ላስገባሽ

ጉም ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲያለብስ
እኔ ሦስተኛ ፎቅ ሳጥን ሳገላብስ
ደሴ ላይ ይመሻል።

ሥራህ ምንድን ነው ብሎ ለጠየቀኝ ሰው
መልሴ፣ የሰው ጽሑፍ ምንነት ጽፎ ማኖር ነው።
በቅጥር ደብዳቤዬ «ዲበ መረጃ» ይሉታል፤
ለኔ ግን ሰኞ ገበያ፣ ጆንያ አፍ ላይ በወስፌ የሰፉት፣
የእህሉን ዓይነትና የመጣበትን ቀበሌ የጻፉበት
ቁራጭ ጨርቅ ነው።
ጨርቁ ቢወልቅም ማሽላው ማሽላ መሆኑ አይቀርም፤
ማን እንደ ዘራው ግን የሚያውቅ አይኖርም።

ሳጥን አርባ ሰባት።
የይመር አራጋው ነው፣ የማመልከቻ ጸሐፊው፣
ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቶ
ሃያ ስድስት ዓመት የሰው በደል የከተበው።
ልጁ በባጃጅ ነው ጭኖ ያመጣልኝ፤
«አባዬ የጻፈውን ሁሉ ቅጂ ያስቀር ነበር፣
ግማሹን አይጧ አንብባዋለች» አለኝ።

ርዕስ፦ የለውም።
«የማመልከቻ ቅጂዎች» አልኩት፣ በቅንፍ ከትቼ፣
ቃሉ የኔ መሆኑ ይታወቅ ብዬ፤ በሟች አፍ መናገር ፈርቼ።

መጠን፦ መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ሁለት ሳንቲ ሜትር።
የሃያ ስድስት ዓመት እሮሮ ተጠቅጥቆ ሲታሠር
ከአንድ ክንድ ያንሳል።

ዘመን፦
አንዱ «በዘመነ ሉቃስ»፣ አንዱ «በአረፋ ማግስት»፣
አንዱ «አንበጣው በሄደ በሁለተኛው ክረምት»።
ሲስተሙ አራት አሃዝ ይላል፤
አራት አሃዝ ካጣ ቀይ ያበራል።
ገመትኩ። «ገደማ» የምትል ቃል ባትኖር
ይህን ሥራ ማን ይሠራው ነበር?

ከዚያ፣ ስም።
ሁለት ሳምንት የቆምኩት እዚህ ላይ ነው።

«እኔ አመልካች ዘይነባ አሊጋዝ፣
ቦርከና ዳር ያለኝ መሬት ወሰኑ ተገፍቶብኝ…»
ስድስት ዓመት አልፎ፣ በዚያው እጅ፣ በዚያው ቀለም፣
«እኔ አመልካች ወለተ ሥላሴ…»
ያው መሬት፣ ያው ጎረቤት፣ ያው የተነቀለ ድንበር ድንጋይ።
ይመር ብልህ ነው፣ ነገ እንዳይካካዱ
ቅጂው ላይም ጣት ያስፈርማል።
ሁለቱን ጎን ለጎን ዘርግቼ በማጉያ መነጽር አየሁ።
ድሮ ማጭድ በልቷት ኖሮ
አሻራዋን መሐል ለመሐል ነጭ መስመር ይሰነጥቀዋል።
እዚህም። እዚያም።
አንዲት ጣት ናት።

አግብታ ይሁን፣ ተጠምቃ፣
ወይ ዳኛ ፊት የሚያዋጣ ስም መርጣ፣
ወረቀቱ አይናገርም። በኛስ አገር ይህ ምን ይደንቃል?
አያቴ አንዱ ስሙ ለእናቱ ወገን፣ ሌላው ለአባቱ ነበር፤
አንድ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ
በሁለቱም ሲጠሩት «አቤት» ይል ነበር።

ሲስተሙ አቤት አያውቅም።
በንጉሡ ሠ የጻፍኳትን በእሳቱ ሰ ብፈልጋት
«አልተገኘም» ይላል፤ እንኳን በሌላ ስም ሊያውቃት።
ደንቡም፦ ለአንድ ሰው አንድ የጸደቀ ስም፤
ሌላው «ተመልከት» ተብሎ ጓሮ ይቁም።

ማንን ላጽድቅ? ማንን ጓሮ ላቁም?
አለቃዬ ጥሩአየር ሻይዋን እያማሰለች
«በብዛት የመጣውን ያዝ» አለች።
ቆጠርኩ።
አራት ዘይነባ። አራት ወለተ ሥላሴ።
ዘጠነኛዋን ወረቀት አነሣሁ።

ስሙ የነበረበትን አይጧ አንብባዋለች።
የተረፈው ጣቷ ነው ከነጠባሳው፣
ከጣቷም በላይ፣ ይመር ሳያቃና የተወው
የራሷ አንደበት የሚመስል አንድ መስመር፦
«እኔ ማን እንደሆንኩ መሬቱ ያውቀኛል።»

«ስም» የሚለውን ባዶ ተውኩት።
ማስታወሻው ላይ «አውራ ጣቷ ጠባሳ አለው፤
ሁለቱም ስም የራሷ ነው» ብዬ
በረቂቅ አስቀምጬ፣ ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ይኸው ስምንተኛ ወሩ። በየጠዋቱ ስከፍተው
«አንድ ያልተጠናቀቀ መዝገብ አለዎት» ይለኛል።

አዎ፣ አለኝ።