ሦስት ኪሎ ጨው

ስድስት ሳንቃ ነቀልሁ ከመርከቡ ወለል፣
ሙይናቅ አሸዋ ላይ፣ «አራል ይመለሳል» ሲል
ሃያ ዓመት ዝጎ ከቆመው።
ጎረቤቴ ኤረጄፕ አራተኛ ሊወልድ ነው፤
የእሹሩሩ አልጋ ሥራልኝ ብሎኛል፣
ዋጋውን በዓሣ እንዳይል ዓሣ የለም፣ በጥጥ ይከፍለኛል።

እሠራለሁ። እጄ ሌላ አያውቅም።
ከሥር ቀዳዳ አለው፣ ሽንት የሚወርድበት፣
ከግራም ከቀኝም ጠፍር፣ ክንድ የሚታሰርበት፤
ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ አስረው ይቀበሉታል፣
ሲያለቅስ፣ እደግ ተመንደግ ይሉታል።

ፔሪዛት በመስኮት ቆማ ታየኛለች።
ዐሥራ አንድ ዓመታችን፤ አንድ ቀን አልጠየቀች።
ዝምታዋ ግን ይጠይቃል፣
እኔ ስተኛ እሱ ይነቃል።

ምን ብዬ ልንገራት?
እናቴ ስትወልደኝ ባሕሩ ከደጃችን ነበር፤
እኔ ወደ እሱ ስድህ፣ እሱ ሲሸሽ ነበር።
ክፉ ቢሆን ኖሮ እንለምነው ነበር፣
ክፉም አንዳንዴ ይራራል፣ የሰው ዕንባ ሲቸግር፤
ይኼ ግን ጆሮ የለው፣ ቂም የለው፣ ፊት የለው፣
ሠርጋችንንም ቀብራችንንም አቧራ ያለበሰን ያው አንድ ነፋስ ነው።

ሕይወት ብድር ነው ይላሉ ሽማግሎቹ።
ይሁን። እኔስ የወሰድሁትን ቀስ በቀስ መለስሁ፤
ጥርሴን ሰጠሁ፣ ወገቤን፣ ግማሽ ሳንባ ሰጠሁ።
ያ ያላየሁት ልጅ ግን መቼ ፈረመበት?
አበዳሪው አይታወቅ፣ ተያዦቹ አባትና እናት፤
ሳይበደር ባለዕዳ ሆኖ የሚገባበት ቤት፣
ዋናውን ሌላ በልቶት፣
ወለድ ብቻ የቀረለት።

ደግሞ አንዳንድ ማታ እጠራጠራለሁ።
ፔሪዛት ሐብሐብ ስትቆርጥ፣
ፍሬውን በጣቷ ጫፍ ለቅማ፣ ጭማቂው በክንዷ ሲሮጥ፣
ለዚች ሲባል መምጣት አያስቆጭም እላለሁ፤
ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ሳል እሰማለሁ፣
አይሱሉ ናት፣ የኤረጄፕ ትንሿ፣
ጨው እየዘነበባት በእንቅልፏ።

አልጋው አለቀ።
መጋጠሚያው እንዳይላላ ልፈትነው ብዬ፣
ሦስት ኪሎ ጨው በከረጢት መዝኜ አስተኛሁበት፣
የአንድ አራስ ክብደት።
በእግሬ ገፋ አደረግሁት። አልተንቋቋም። ደኅና ነው።
እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።
መሸ። ነፋሱ ተነሣ። ፔሪዛት መብራቱን አጠፋች።
እግሬ ግን፣
እግሬ እስከ አሁን
ጨውን እሹሩሩ ይላል።