በክብሪት ቀፎ

ግዲኒያ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ የዓሣ ሽታ ካለበት፣
አንድ ጠባብ ክፍል አለኝ፣ ማጉሊያ የቆመበት።
የካቲት ነው፤ ባሕሩ ዳር ዳሩን በርዶ ረግቷል፤
አንድ ሰው በሬን ገፍቶ፣ ፍላሽ በክብሪት ቀፎ ይዞ መጥቷል።

«ረገጥኩት» አለ ሌሼክ፣ «በተረከዜ፤ ተናድጄ።
የማልቪና ነው። ሰጥታኝ አይደለም፤ ነጥቄ ነው በእጄ።»
አሥራ አንድ ዓመት መርከብ ላይ፣ ሄሪንግ የሚሉትን ዓሣ፣
ስንት እንደቀረ ስትቆጥር፣ ስትመዝን፣ መረብ ስታነሣ፣
ያ ሁሉ አውራ ጣት በምታክል ነገር ላይ፤ ቅጂ የለው፣ ሌላ የለው።
ሰባሪው ራሱ ከፋይ ሲሆን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ሰሌዳውን ትቼ፣ ቺፑን ብቻ በሞቃት አየር ነቀልኩ፣
እስትንፋሴን ይዤ እግሮቹን አንድ በአንድ ቆጠርኩ።
አርባ ስምንት። አንዱ ጠሟል፤ በመርፌ አቃናሁት።

ከዚያ ንባብ። የወጣው ግን ወሬ አይደለም፤
ተቆጣጣሪው በራሱ ቁልፍ ያልቆለፈው ገጽ የለም።
ይህ ሥራ ጥድፊያ አይወድም፤ የታመቀው ኤሌክትሪክ ስስ፣
ባነበቡት ቁጥር ትንሽ በትንሽ የሚፈስ።
(የወንድሜን ካሴት በዓመት አንዴ ብቻ የምከፍተው ለዚህ ነው።)

በአራተኛው ሌሊት ቁልፉ ተገኘ። ፋይሎቹ ወጡ፤ ስም ግን የላቸው፣
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ማሽኑ ክርስትና አነሣቸው።
ዓመቶቹን ደረደርኩ። አሥር። አንዱ የለም፤ ሁለት ሺህ አሥራ አራት።
በተበላሸው ብሎክ ሁሉ ሦስት ሌሊት አሳደድኩት፣
ባጣው ጊዜ የሌሼክን ተረከዝ ረገምኩት።

ማልቪና መጣች። ጓንቷን ሳታወልቅ ሰንጠረዡን አየች፤
«አንድ ዓመት አመለጠኝ፣ ይቅርታ» ብላት፣ ሳቀች።
«አላመለጠሽም። ያን ዓመት ባሕር አልወጣሁ።
ሰርግ ነበር፤ አንድም ዓሣ አልቆጠርሁ።»

አይ እኔ! ያልተጻፈውን እንደ ጠፋ
ስፈልግ ነው ለካ እንቅልፌን ያጠፋሁት።

ሌሼክ በሩ ጋ ነበር። ከፍሏል። ሰምቷል፤ ቀና አላለም።
«ስብርባሪውን ትጥይዋለሽ?»
«ውሰደው። ከእንግዲህ ምንም አይነበብበትም።»
አንድ በአንድ ለቅሞ ቀፎዋ ውስጥ ጨመረ፣
በጣቱ ገፍቶ ዘጋት፤
ከኮቱ ውስጥ፣ ከደረት ኪሱ ከተታት፣
ክብሪት እንዳለባት ሁሉ፣
እርጥበት እንዳይነካት።