አንዲት ማዕዘን

አባቴ «ማለደ» ብሎ ነው የሰየመኝ፣
ጎህ ሳይቀድ፣ አዋላጅ ሳትደርስ ቸኩዬ ብገኝ።
ቂርያት ማላኺ ስንገባ፣ አንደኛ ክፍል በር ላይ፣
መምህርት ፕኒና መዝገቧን አየች፣ እኔን ሳታይ፤
«ካሁን ወዲያ ድሮር ነህ፣ ነጻነት ማለት ነው» አለችኝ፣
ጠመኔም ሰጠችኝ።
«ጻፈው።»

ድሮር በዕብራይስጥ አራት ፊደል ነው፤
ዳሌት፣ ሬሽ፣ ቫቭ፣ ደግሞ ሬሽ መጨረሻው።
ዳሌትና ሬሽ መንታ ናቸው፤ የሚለያቸው
አንዲት ማዕዘን ናት፣ ጫፍ ላይ ያለች፣ ከትከሻቸው።
የአንዱ ትከሻ ሹል፣ የሌላው የተድበለበለ፤
ለሰው ልጅ ሁሉ ይታያል፤ ለእኔ ግን የለ።

ዳሌት ያልኩት ሬሽ ሆነ፣ ሬሽ ያልኩት ዳሌት፤
ነጻነትን ለመጻፍ አልበቃኝም አራት ዓመት።
ሁለቱ ሲለዋወጡ ድሮር «ራዱድ» ይሆናል፣
ጥልቀት የሌለው ማለት፣ ቁርጭምጭሚት የማያርስ ውኃ ያህል።
ልጆቹ ያንን ወደዱት።
እስከ ስድስተኛ ክፍል በዚያ ስም ጠሩኝ፣ አልተዉት።

የወላጅ ቀን መጣ። አባቴ ቋንቋው አልገባው፤
አስተርጓሚ የለ፣ መሃል የቆምኩት እኔው፣
የራሴን ፍርድ በገዛ አፌ ላቀብለው።
«ይህ ልጅ አይማርም» አለች፤
«እጁን የሚያሠራበት ነገር ፈልጉለት» አለች።
«ምን አለች?»
«ጎበዝ ነው አለች።»
አባቴ ፊቷን አየ፤ ከዚያ ጫማዬን፤ ዝም።
«አፏ ነው ጎበዝ ያለው፣ ፊቷስ አላለም»
ያለኝ መንገድ ላይ ነው፤ አልተቆጣኝም።
ከዚያ ወዲያ ስለ ትምህርት ጠይቆኝ አያውቅም።

ከአውቶቡስ ጣቢያው ጀርባ ሻልቫ የሚሉት ሰው ነበር፣
ጆርጂያዊ ቁልፍ ሠሪ፣ ሱቁ ልኩ እንደ መቃብር፤
ክፍል ስፎርፍ እዚያ እደበቅ ነበር።
አንድ ቀን ሁለት ቁልፍ ወርውሮ «ይለያያሉ?» አለኝ።
ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጥርሳቸውን በአውራ ጣቴ ዳበስኩኝ።
«ሦስተኛው ጥርስ ላይ፣ የፀጉር ያህል ይጎድላል ይሄኛው።»
መነጽሩን አጠለቀ፤ ለካው፤ እንደገና ለካው፤
ሳቀ፣ ተሳደበም በሀገሩ ቋንቋ፤
ከማሽኑ ወንበር ተነሣልኝ በቃ።
ጣቴ ለካ ማንበብ ያውቅ ነበር፤
ጠያቂ ነበር ያጣው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ፣ እዚያ ሰፈር።

ሱቁን ሲያወርሰኝ ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም፤
ሳላነብ በፈረምኩት ውል የስምንት ወር ገቢዬ የለም።
የባንክ ደብዳቤ በኪሴ ይዤ ከተማውን ዞርኩ፤
«መነጽሬን ረስቼ ነው» እያልኩ ላገኘሁት አስነበብኩ።
መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።
ይህን የነቃችብኝ ሒሳብ ሠራተኛዋ የውብዳር ናት፤
አንድ ቃል አልተነፈሰች ስለ እኔ እውቀት፤
ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ወረቀቱን ሁሉ እያነበበች፣
ድምጿን ቀድታ በስልኬ ላከች፤
ደረሰኙን፣ ግብሩን፣ በትናንሽ ፊደል የተደበቀውን ተንኮል፣
ከጀርባዋ ልጇ እያለቀሰ፣ ድስት እየገነፈለ፣ በየመሃል።

ዛሬ ሰባት መኪና አለኝ፣ ከአሽዶድ እስከ ቤር ሼቫ፤
ይህን ሳያይ ሄደ እንጂ ሻልቫ።

ባለፈው ማክሰኞ፣ በሰባተኛው መኪና ጎን፣ ግሪሻ
ስሜን ጽፎ ጨረሰ። ቀለሙ ሲደርቅ በስተመጨረሻ፣
ከቀኝ ጀምሬ በአውራ ጣቴ ዳበስኩ።
የመጀመሪያዋ ማዕዘን የላትም። ተመልሼ ዳበስኩ።
«ግሪሻ፣ ይቺ ሬሽ ናት።»
«ዳሌት ናት።»
«ሬሽ ናት።»
ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጆሮው ድረስ ቀላ፤
«እነዚህ ሁለቱኮ ለእኔ ከልጅነቴ...» አለና፣ ቃሉን በላ።
ብሩሹን አንሥቼ አቀበልኩት።
ሌላ ምንም አላልኩት።

አባቴ ከጋቢናው አንገቱን አውጥቶ «ምን አለ?» አለኝ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቋንቋው አልገባው፣ አስተርጓሚው እኔው ነኝ።
«ጎበዝ ነው አለ።»
የግሪሻን ፊት አየ፤ ከዚያ ጫማዬን፤ ጥቂት ቆየ።
«አሁንም ትዋሻለህ፣ ማለደ» አለኝ፣
መስኮቱን ዘጋው፤ ትከሻው በሳቅ ሲናጥ ግን ታየኝ።