ገና አላወቅንም

መጋቢት ነበረ፤ ሰኞ፣ ከረፋዱ፣
ሁለት ሺህ ተማሪ ባንድ በር ወረዱ፤
ከሽምብጥ ዘምባቦች ሥር ቆመው ተማከሩ፣
«ለሁለት ሳምንት ነው» እያሉ ፎከሩ፤
ግማሹ ለመዋኘት ወደ ጣና ሄደ፣
የቀረው ደብተሩን ጠቅልሎ ነጎደ።

እኔ የሚኒ ሚዲያው መምህር ነበርኩኝ፤
ማይክራፎን ይዤ ባዶ ግቢ ቀረሁኝ።
ድምፅ ማጉያው አፉን ወደ ሜዳው ከፍቶ፣
ሣሩ ቀና አለ፣ የሚረግጠው ጠፍቶ።

ወሬ ግን እግር አለው። ባጃጅ ተሳፈረ፣
ከዓሣ ጀልባ ወርዶ ገበያውን ዞረ።
«ነጭ ሽንኩርት በፌጦ የበላ ሰው አይያዝም»፤
«ፈተናው ተሰርዟል፣ ማትሪክ የለም ዘንድሮም»፤
«ትምህርት ቤቱ በሽተኛ ሊተኛበት ነው አሉ»፤
አሉ፣ አሉ፣ አሉ።
ማን እንዳለው ስትጠይቅ፣ «ሰው ነው ያለን» ይላሉ።

ርዕሰ መምህራችን ስመኝ አስጠራችኝ፤
ጭምብሏን አስተካክላ ከሩቅ አስቆመችኝ።
«ልጆቻችንን» አለች፣ «ወሬ አያሳድጋቸው።
ስልክ ላላቸው ቴሌግራም፤ ስልክ ለሌላቸው...»
ብላ ሳትጨርሰው፣ ጋሽ ፈንቴ፣ ጥበቃው፣
የአስረኛ ‹ሐ›ን ሰሌዳ ከግድግዳው ነቅሎ
መጣ፣ እንደ በር ሳንቃ በጀርባው ላይ አዝሎ፤
ከበሩ ብረት ጋር በሽቦ አጠበቀው።

መሐሉን በጠመኔ አሰመርኩ ለሁለት፤
በግራ፦ የታወቀ፣ የተመሰከረለት።
«መልመጃ ለዘጌ፣ ለደቅ፣ ሐሙስ በጀልባ ይሄዳል።
ላይብረሪው ዝግ ነው። የቧንቧው ውሃ ግን ለሁሉ ይቀዳል።»
በቀኝ፦ ገና አላወቅንም።
ቀኙ ይረዝም ነበር።

«ይሄ ምን ማስታወቂያ ነው?» ብለው ተቆጡ
አንድ አባት፤ ባጃጃቸውን አቁመው መጡ፤
«አላወቅንም ለማለት ጠመኔ ይባክናል?»
በማግስቱ ማለዳ ግን፣ ከሁሉ ሰው ቀድመው፣
ቀኙን ሲያነቡ አገኘኋቸው፣ መነጽር አድርገው።

ጋሽ ፈንቴ ሁለት ሁለቴ ያስነብበኛል፤
ከዚያ ፊደል ላልቆጠሩት እናቶች በቃሉ ይወጣዋል፣
አንዲት ሳይጨምር፣ አንዲት ሳያጎድል፣
ዳዊት እንደሚደግም ሰው።

ግንቦት ላይ ነው። አንድ ልጅ እያለከለከ
«አንጓች ሞተች» አለኝ። «ዘጌ ቀበሯት።»
ጠመኔው ከበደኝ።
በቀኝ በኩል ጻፍኩ፦
«አንጓች አዝመራው፣ አስራ አንደኛ ‹ለ›—
ገና አላወቅንም።»

ጓደኞቿ መጡ፤ ሁለት ሁለት እርምጃ ተራርቀው ቆሙ።
አንዷ «ይጥፋ» አለች፤ ሌላዋ «ይቆይ»።
ሰው ሳይተቃቀፍ እንዴት እንደሚለቀስ
ገና አላወቁም ነበር።
ወሬ ይዞ ለመጣ ሁሉ ጋሽ ፈንቴ
ጣቱን ወደ ቀኝ ይዘረጋል፤ ሌላ ቃል የለውም።

ሦስት ቀን ዋለ ስሟ።
በአራተኛው የዘጌ ጀልባ እምቦጩን ሰንጥቆ መጣ፤
ነጂው ከጉያው በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ፤
የላክንላት የፊዚክስ መልመጃ፣ ሙሉው ተሠርቶ፣
ሁለት ጥያቄ ብቻ ተስቶ፣
ከግርጌው በእርሳስ፦
«መምህር፣ እኔ ደህና ነኝ። ያረፈው አባዬ ነው።
ስድስተኛው አልገባኝም።»

ስሟን ከቀኝ በመዳፌ አጠፋሁ።
በግራ ጻፍኩ፦
«አንጓች ደህና ናት። አባቷ አርፈዋል።
ለቅሶው በሩቅ ይሁን።»
ከሥሩ ስድስተኛውን ጥያቄ ሠራሁት፣ በሙሉ እርከኑ፤
መንገደኛው ሁሉ እየቆመ አየው።

ኅዳር ላይ በፈረቃ፣ ግማሽ ግማሹ ተመለሱ።
ማይክራፎኑን አበራሁ፤
«እንደምን አደራችሁ» ካልኩ በኋላ የምለው ጠፋኝ።
አንጓች በጥቁር ነጠላ ከመስኮቱ ጥግ ተቀምጣለች።

ሰሌዳው ወደ ክፍሉ ገባ። በውሃ አጠብነው፣ በሳሙና፣
በኮምጣጤም ሞከርነው፤
የመሐሉ መስመር አልለቅ አለ።
ጋሽ ፈንቴ ጨርቁን ጨመቀና
«ተወው» አለኝ፣ «እሱ እንኳ የሚያስቸግር አይደለም።»