ጆሮ ለባለቤቱ

ላቀው ከሥራ ሲመለስ፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣
ቴሌቪዥኑን ይከፍታል፣ ግድግዳው እስኪሰነጠቅ።
ጎረቤት በመጥረጊያ እንጨት፣ ከወዲያ ማዶ ትመታለች፤ በእኔ ትፈርዳለች።
እኔም በጡጫ እመልሳለሁ፤ ሁለታችንም ታክቶናል፤
ላቀው መሃል ተቀምጦ፣ የአየር ሁኔታ ያያል።

«ጨው አቀብለኝ» ስለው፣ «አዎ፣ ነገ ሐሙስ ነው» ይለኛል፤
ሶልያና ሳቋ ሲያመልጣት፣ እሱም ተከትሎ ይስቃል።
የሰማ መስሎ መሳቅ፣ ከማልቀስ እንደሚከፋ፣
ማን ነግሮኝ? እኔ የመሰለኝ፣ ፍቅሩ ተሟጦ እንደ ጠፋ።
ደግሞ ለእኔ ብቻ ነው! እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣
ከጎርናናው ጋሽ ዘርጋው ጋር፣ ይሳሳቃል ከዛፍ ጥላ።

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ ብዬ፣ ቂሜን ቋጠርኩ እንደ ስንቅ፤
ለጀርባው ማውራት ጀመርኩ፣ ሳልፈራና ሳልሳቀቅ።
ሳህን እያጠብኩ አንድ ማታ፣ ውሃው ሲወርድ፣ እንዲህ አልኩኝ፦
«ከዱቄቱ ጣሳ ሥር፣ ስድስት መቶ ዶላር አለኝ።
አንድ ቀን አውቶቡስ ይዤ፣ ወደ ዴንቨር እሄዳለሁ።»
አልዞረም። በሳምንቱም አልኩት። ዓመት ሙሉ ብዬዋለሁ።

በጥር፣ በሱ ፎልስ ብርድ፣ ከፋብሪካው በር ወድቆ ተነሣ፤
ቀጥሎ ምንጣፍ ላይ ወደቀ። ምንጣፍ ምን አለው አበሳ?

ዶክተር ሃውገን መብራት ይዛ፣ ጆሮውን ጎንበስ ብላ አየች፤
«ኩክ ቢሆን ኖሮ በደቂቃ፣ ጠርጌ እሸኛችሁ ነበር» አለች።
ቁም ሣጥን ከምታክል ክፍል፣ ብቻውን አስገባችው፤
«ድምፅ ስትሰማ ተጫን» ብላ፣ ቁልፍ አስጨበጠችው።
በመስታወት አየዋለሁ፤ አውራ ጣቱ ተዘጋጅቷል፤
ድምፁ መጥቶ ሄዶ ኖሯል፤ እሱ ገና ይጠብቃል።

እዚህ ላይ ቤት አይመታልኝ፤ የሐኪም ነገር ነውና።

መጋዙ አለ፤ አሥራ አራት ዓመት፣ የማይበላውን አሳማ የቆረጠበት።
የጆሮ መሰኪያውን ያወልቅ ነበር፣ አለቃው ሲጠራው እንዳያመልጠው።
መርፌው አለ፤ በሰባት ዓመቱ፣ ከወረዳው ጤና ጣቢያ፣
ትኩሳቱን ሲያበርድ ሌላ ነገር ይዞ የሄደ ይሆናል።
ስኳርም አለ። «መቼ ተለካ?» ስትል እርስ በርስ ተያየን።
እዚያው ጣቱን ወጉት፦ ሁለት መቶ ሰባ።
የጆሮ የደም ሥር ከፀጉር ይቀጥናል አለች፤
ዓይንና ኩላሊት ላይ የሚመጣው፣ አንዳንዴ እዚያ ቀድሞ ያንኳኳል።
ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ፣ ጆሮ ፈርሞ አይሰጥም።
ሚዛናችንም እዚያው ውስጥ ነው፤ ምንጣፉን በከንቱ ከሰስነው።
የማይሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲገምት ይውላል፤
ለማስታወስ የሚተርፈው ጉልበት ያንሳል፤
ከሰው ይሸሻል፤ ሽሽቱም ራሱ ያሳምማል።

«መጀመሪያ የሚጠፋው» አለች፣ «ቀጭን ድምፅ ነው፤ የሴት፣ የልጅ።»
ሶልያና ይህን ስትተረጉም ድምፅዋ ቀጠነ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ፣ ስለ ሐሜት ይመስለኝ ነበር።
ለካ እኔ ነኝ ቀድሜ የሄድኩት፤
ዴንቨር ሳልደርስ፣ ከጆሮው።

የመስሚያ መሣሪያው በግንቦት መጣ፤ ሁለት፣ እንደ ባቄላ ፍሬ፤
ግማሹን ኢንሹራንስ ከፈለ፤ ግማሹን እኔ፣ ከጣሳው ቆጥሬ።
በመጀመሪያው ማታ፣ ፍሪጁ ሲያንጎራጉር ደነገጠ፤
ከሳሎን ጓዳ ተመላለሰ፣ የገዛ እግሩን እያዳመጠ።
ቴሌቪዥኑ ዝቅ አለ። ጎረቤታችን የሰጋች መሰለኝ፤
በመጥረጊያዋ አንዴ መታች፤ «አላችሁ ወይ?» ያለች መሰለኝ።

እኔ ግን ልማድ አለብኝ። ሳህን ሳጥብ፣ ውሃው ሲወርድ፣
ለጀርባው፣ በሹክሹክታ፦ «ጣሳው ባዶ ነው፤ አልሄድ።»

ጀርባው ቀጥ አለ።
ውሃውን ዘጋሁት።
ዞረና፣
«ዴንቨር» አለኝ፣ «ማን አለሽ?»