ተራ

ማራኪ ግቢ፣ ከደረጃው ሥር፣ መስኮት የሌላት ክፍል፤
ብርድ የሚተፋ ማሽን፣ ሙቀት የሚተፋ ሰርቨር፣ እኔ ከሁለቱ መኻል።
ጋቢ ደርቤ ቁጭ ብያለሁ፤
ውጤት ሊለቀቅ ነው፤ ተማሪው ሁሉ እንዳልተኛ አውቃለሁ።

ከሌሊቱ ስድስት ሲል በሩ ተከፈተ፤
አርባ ሺህ ጣት አንድ ቁልፍ ላይ ባንድ ትንፋሽ ተከተተ።
ከአዘዞ፣ ከሳሙና በር፣ ከዶርም አልጋ፣ ከባጃጅ ላይ፣
«አሳየኝ» ይላል ሁሉም፤ ደግሞ «አሳየኝ»፤ እስኪያይ።

አልደነገጥሁም። ክረምቱን ሙሉ ስጽፈው የከረምሁት
ፕሮግራም አለ፤ በየአምስት ሰከንዱ ዞሮ የሚያይ፣ እኔው ያስተማርሁት፦
ማን በዛበት? ማን ተጨናነቀ?
ከቦዘነው ይነሣል፣ ለበረታበት ይጨምራል፣ ሳይነግሩት እያወቀ።
ስክሪኑ ላይ መስመሩ ሲወጣ ሲወርድ አይቼ
ኮራሁ፤ አልዋሽም፤ እግሬን ወንበር ላይ ዘርግቼ።

ያን ጊዜ ስልኬ ጠራ።
ሙሉሰው ነው፣ ከሆስፒታል፣ ከደም ባንክ፣ የሌሊት ተራ፤
«ስንዱ፣ ይቅርታ፣ ሥራ ላይ ነሽ መሰለኝ፤
የደሙ መዝገብ ገጹ እየዞረ አስቸገረኝ።
ወላድ አለች፣ ከጭልጋ የመጣች፤ ኦ ኔጌቲቭ ስንት እንደቀረ፣
በየትኛው ማቀዝቀዣ እንዳደረ…»
ድምፁ ዝግ ያለ ነው። አልጮኸም።
መዝገቡም እንደሱ ነው፤ አንዴ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ አይደግምም።

አየሁት፤ የኔው ፕሮግራም፣ ሲከዳኝ ሳይሆን ሲታዘዘኝ፣
ዝም ያለውን «ጠግቧል» ብሎ ድርሻውን ለጯኺ ሲያድልልኝ።

አያ ዋሴ ትዝ አለኝ፣ የአንገረብ የውኃ አባት፣
ዶማ ትከሻው ላይ፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ የተጠቀለለበት።
በበጋ ወንዙ ሲመነምን ቦዩ ዳር ሰው ይሰለፋል፤
አንዱ ይምላል፣ አንዱ ይማልዳል፣ አንዱ ዱላ ያነሣል፤
እሱ አይሰማም። ወርዶ አፈሩን በተረከዙ ይነካል፣
የራሰውን ይዘጋል፣ ለደረቀው ይከፍታል፣
ዛሬ ሙሉ ቦይ የሰጠውን ነገ ሩቡን ያደርግበታል።
አንዲት ቀጭን ቦይ ብቻ፣ በድንጋይ ጠርዝ ያበጃት፣ አይነካትም፤
ወደ እማማ ባንቺዓየሁ ሽንኩርት መደብ የምትሄደዋን። እማማ መጥተው አያውቁም፤
እግራቸው ታሟል፤ ድምፃቸው ከአጥር አያልፍም።
«ለምን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያልመጣ ሁሉ» አለኝ «አልጠማውም
ማለት ነው እንዴ?» ዶማውን አነሣ፤ ሌላ አላለኝም።

አንድ መስመር ጻፍሁ። አንድ ብቻ።
ለደም መዝገቡ ድርሻ ለየሁ፤ ጎርፉ የማይገፋው ዳርቻ።
ከዚያ በላይ ያለው እንዳሻው ይዋዥቅ፣ ይስፋ ይጥበብ፤
ከዚያ በታች ግን ማንም፣ አርባ ሺህም ቢሆን፣ አይቀርብ።

አስገባሁት። እጄን አላበኝ፣ በዚያ ብርድ ውስጥ፤
«ሦስት ከረጢት!» አለ ሙሉሰው፤ ከዚያ የሰማሁት እግሩን ነው፣ ሲሮጥ።

የተማሪው መስመር ተንቀራፈፈ፤ ስድብ ዘነበ።
ወንድሜ ፈንቴ ከቸቸላ ደወለ፤ የሱም ውጤት አልተነበበ፤
«አንቺ እዚያ ቁጭ ብለሽ! ለኔ ብቻ ክፈቺልኝ፣ አንድ ጊዜ!»
«ተራ ሰው ተራውን ይጠብቃል» አልሁት፤ ሳቅሁ፤ ግማሹ ትካዜ።

ሊነጋጋ ሲል መስመሩ ሜዳ ሆነ። ፈንቴ ሁለት ኮርስ ወድቋል።
ስለ ጭልጋዋ ሴት የሰማሁት የለም፤ ሙሉሰውን ሥራ ይዞት ይሆናል።
ፕሮግራሙ ግን በየአምስት ሰከንዱ ይዞራል፤
ማንም ባይጠራው እንኳ፣ ወርዶ ያንን መደብ ያያል።