የዘጠኝ ሰዓት ቁልፍ

ከአውቶቡስ ሲወርድ አየሁት አደሊኖን፣
በፌስታል አንጠልጥሎ አሥራ አንድ ዓመቱን፤
ሸሚዙ ጠቦታል፣ ጸጉሩ አመድ መስሏል፤
ኮቪልያ ግን ያው ናት፣ ተራራው ጉም ለብሷል።

ዳቦ ጋጋሪ ነኝ። ሁለት ዳቦ ሸጥኩለት፤
መልሱን ግን በእጁ አይደል፣ ጠረጴዛ ላይ ጣልኩለት።
ሳንቲሙ ሲሽከረከር፣ እስኪወድቅ ጠበቀው፤
ለቀመው። አመሰገነ። ወጣ።
አላፈርኩም ያኔ፤ ሲልቬሪዮን ማን ረሳው?

ነገሩ እንዲህ ነው።
የሱፍ ፋብሪካው ከስሮ፣ ደመወዝ ሲቀር በዕዳ፣
ባለቤቱ ጠራው አንድ ቀን ወደ ጓዳ፦
«አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ አንድ ክብሪት፣ አንድ ማታ፤
መድን ይከፍለኛል፣ ያንተም ዕዳ ይፈታ።»
«ሰውስ?»
«ሰው የለም። ዘበኛው ፈቃድ ላይ ነው።»

ፈቃድ ላይ አልነበረም።
ሲልቬሪዮ ሌሊቱን አራት ማዕዘን ይዞራል፤
በየማዕዘኑ ቁልፍ ከምስማር ተንጠልጥሏል፤
ትከሻው ላይ ባዘላት ሰዓት ሆድ ይከተዋል፣
ቀጭ! ያደርገዋል፤ ወረቀት ይበሳል፤
«አልተኛሁም» ማለት ነው፤ አለቃው ጧት ያየዋል።

አመዱ ሲበተን ሰዓቷ ተገኘች፣
ሦስት ቀዳዳ ይዛ፣ አራተኛ አጥታ ቀረች፤
ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት —
ዘጠኝ የለችም።

«ድምፅ አልሰማሁም» አለ ፍርድ ቤት ምሎ፤
ጸሐፊው ጻፈለት፤ ነገሩ አለቀ ቶሎ።
የወህኒ በር ማታ ሲቆለፍ ቀጭ ይላል አሉ፤
አሥራ አንድ ዓመት ስንት ማታ ነው? እስኪ አስሉ።

በሳምንቱ ሄደ ከቤልሚራ ሱቅ።
የሟች ልጅ ናት፤ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፤
ሲገባ አየችው፤ መርፌ በከንፈሯ ነክሳለች።
«ይቅርታ» ሊል ይሆናል የሄደው፣ ምን አውቄ፤
ያለው ግን ይህንን ነው፣ እዚያ ነበረች ሚስቴ፦
«ሰምቼ ነበረ፣ ቁልፏ ቀጭ ስትል፤
ክብሪቱን ጫርኩት፣ ቧንቧ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል።
ለዳኛ ዋሸሁ፤
ይኼንን ብቻ ነው ልነግርሽ የመጣሁ።»

መርፌውን ነቀለች ከከንፈሯ መሀል፦
«ሱሪ ካለህ አምጣ። ከሌለህ በሩ ያው፣ ይከፈታል።»

ከዚያ ወዲህ ነው ሌሊት መዞር የጀመረ።
እኔ ሊጥ ሳቦካ፣ ምድጃዬን ሳነድ፣
በመስኮት አየዋለሁ ወደ ፍርስራሹ ሲሄድ።
ጣሪያ የለ፣ በር የለ፤ ወለሉን እሾህ ወርሶታል፤
ቁልፍ በነበረበት ምስማሩ ብቻ ቀርቷል፤
በጥፍሩ ይነካዋል። ይቆማል። ይዞራል።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ ከተማው፤
እኔም ብያለሁ፣ ምን ልደብቀው።
ፖሊስ ጠየቀው፦ «ምን ልትጠብቅ? ምን አለ የሚሰረቅ?»
«ምንም የለም» ብሎት ዞረ፤ ሳያለቅስም፣ ሳይሥቅ።

በየካቲት በረዶ ሳል ጥሎት ሰነበተ፤
አንድ ሌሊት ዘገየ። ዓይኔ መስኮት ላይ ተጎለተ፤
አንድ ምድጃ ሙሉ ዳቦ አረረብኝ።
ኋላ ብቅ አለ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ።
ትኩስ ዳቦ ይዤ ወጣሁ፤ ለምን እንደሆን እንጃ።

አራተኛው ማዕዘን ሰው ቆሟል፣ ኮት ደርቦ።
ቤልሚራ ናት።
በረዶው ጫማዋን ሸፍኖታል፤ ቆይታለች።

«አባቴ» አለችው፣ «አርፍዶ አያውቅም።
ሰባት ደቂቃ አልፏል።»
ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ምስማሩን ነካው። በአፉ፣ ቀስ ብሎ፣ ቀጭ አለ።
እሷ አልሄደችም። እሱም ቀና አላለ።
እኔ ከኋላቸው፣ ዳቦው ጣቴን እየፈጀኝ፣
በማን መዳፍ ላይ እንደማኖረው ጠፍቶኝ።